የውጭ መንግሥትን በሽብር ድጋፍ መክሰስ፦ ከወንድሜ ፋይል የተማርኩት

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ የሚደወልልኝ ስልክ ብዛት ነው። «የሽብር ተጎጂ ነን፣ መንግሥት መክሰስ ይቻላል ወይ?» የሚል ሰው ይደውላል። አንዱ ናይሮቢ የተጎዳ ዘመድ አለው። ሌላዋ እስራኤል ያለች እህቷ ነገር ያሳስባታል። ሌላው አገር ቤት የደረሰበትን በደል ይዞ «የጎረቤት መንግሥት እጁ አለበት» ይለኛል። ሁሉንም በስልክ አስረድቼ አልዘልቀውም። ስለዚህ ያለፍንበትን እንደወረደ ልጻፈው። ጠበቃ አይደለሁም። ወንድሜ የናይሮቢው የአሜሪካ ኤምባሲ ሲፈነዳ ተጎድቶ ሱዳንንና ኢራንን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሶ ነበር፤ እኔ የእሱን ወረቀት ስሰበስብ፣ ስተረጉም፣ ጠበቆቹን ስጠይቅ የኖርኩ እህት ነኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቤተሰባችን በደርግ ጊዜ ወደ ኬንያ የተሰደደ ነው። ወንድሜ እዚያው ተምሮ፣ ኬንያዊት አግብቶ፣ ናይሮቢ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ የአገር ውስጥ ቅጥር ሠራተኛ ሆነ። ኤምባሲው ያኔ መሃል ከተማ ነበር፤ የሞይ ጎዳናና የኃይለ ሥላሴ ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ። ኦገስት 7 ቀን 1998 ዓርብ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈንጂ የጫነ መኪና ከኋላ በኩል መጣ። መጀመሪያ ትንሽ ፍንዳታ ተሰማ። ሰዉ ምንድነው ብሎ ወደ መስኮት ሄደ። ዋናው የፈነዳው ያኔ ነው። ያን ቀን ብዙ ሰው ዓይኑን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ወንድሜም የግራ ዓይኑን አጣ። ፊቱና አንገቱ በመስታወት ተበላ። ከዓመታት በኋላ እንኳ ጺሙን ሲላጭ ከቆዳው ሥር ስባሪ ይወጣ ነበር። ሚስቱ አትጥለውም። በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ታጠራቅመዋለች። ያኔ ለምን እንደምታስቀምጠው ማናችንም አልገባንም፤ ምናልባት እሷም። ያቺ ብልቃጥ በኋላ ፎቶ ተነስታ ከሐኪም ማስረጃው ጋር ለፍርድ ቤት ገባች።

ናይሮቢ ላይ 213 ሰው ሞተ። በዚያው ሰዓት ገደማ ዳሬሰላም ያለው ኤምባሲ ተመትቶ 11 ሰው ሞተ። ከ224ቱ ሟቾች አሜሪካውያን 12 ናቸው። የቀረው አፍሪካዊ ነው ማለት ይቻላል።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ያደረገው አልቃይዳ ነው፣ ሱዳን ምን አገባት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ክሱ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ከሳሾቹ «ሱዳን ራሷ ፈንጂውን አፈነዳች» አላሉም። «አስጠለለች፣ አመቻቸች» ነው ያሉት። ቢን ላደን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሱዳን ገብቶ እስከ 1996 ካርቱም ኖሯል። እዚያ ንግድ ነበረው፣ ሰዎቹም እዚያ ነበሩ። በዚያ ዘመን የሱዳን መንግሥት ያስጠጋው እሱን ብቻ አልነበረም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1995 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ አዲስ አበባ ላይ የግድያ ሙከራ ሲደረግባቸው ኢትዮጵያ ተጠርጣሪዎቹን ሱዳን ደብቃለች ብላ ከሰሰች፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1996 ሱዳን ላይ ማዕቀብ ጣለ። ቢን ላደን ከካርቱም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ክሱ ኢራንንም ይጨምራል፤ አልቃይዳ በፈንጂ አጠቃቀም የሰለጠነው በኢራንና በሂዝቦላ እርዳታ ነው በሚል።

አሁን ወደ ሕጉ። በመሠረቱ አንድ መንግሥት በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይከሰስም። ያለመከሰስ መብት አለው። አሜሪካ በ1976 ይህንኑ በሕግ ደነገገች፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችንም አስቀመጠች። በ1996 ለሽብር ተጎጂዎች አንድ በር ተከፈተ። በ2008 ያ በር ሰፋ፤ የቅጣት ካሳ፣ ማለት ከደረሰው ጉዳት በላይ ተከሳሹን ለመቅጣት የሚጨመር ገንዘብ፣ መጠየቅም ተፈቀደ። በሩ ግን ለሁሉም ክፍት አይደለም። እኔ ለሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ቀድሜ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

ተከሳሹ መንግሥት አሜሪካ «ሽብርን የሚደግፉ» ብላ በያዘችው ዝርዝር ውስጥ ነበር ወይ? ሱዳን በ1993 ገብታለች። ኢራን ከ1984 ጀምሮ አለች። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ የገቡት አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለተኛው፣ ጥቃቱ በደረሰበት ቀን ተጎጂው ወይም ከሳሹ ማን ነበር? የአሜሪካ ዜጋ፣ የአሜሪካ ወታደር፣ ወይም የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ወይም በኮንትራት የሚሠራለት ሰው ሆኖ ሥራው ላይ መሆን አለበት። ሦስተኛው ጊዜ ነው። ሕጉ በመሠረቱ አሥር ዓመት ይሰጣል። የመጀመሪያው ክስ የተመሠረተው በ2001 ሲሆን ወንድሜ በሌላ መዝገብ የገባው በ2008፣ አሥሩ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ናይሮቢ ውስጥ ወሬውን ዘግይተው ሰምተው በዚያ ክረምት ሲሯሯጡ የነበሩ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ዛሬም ያንገበግበኛል። ናይሮቢ ከሞቱት 213 ሰዎች የኤምባሲው ሠራተኞች 44 ናቸው። የቀሩት አጠገቡ በነበረው ኡፉንዲ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩና የሚማሩ፣ ባንክ የመጡ፣ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጡ፣ መንገድ የሚያቋርጡ ሰዎች ነበሩ። ፍንዳታው አንድ፣ ሕመሙ አንድ፤ ሕጉ ግን አላያቸውም። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ስላልነበሩ በዚህ በር መግባት አልቻሉም። የወንድሜ ጎረቤት የነበረች ሴት ልጇን ኡፉንዲ ሕንፃ ሥር ነው ያጣችው። ወንድሜን «የልጄስ ደም?» ብላ ጠየቀችው። የሚመልሰው አልነበረውም። እነዚህ ሰዎች ዛሬም ካሳ እየጠየቁ ነው፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው።

የአገር ቤት ጉዳይ ይዘው ለሚደውሉልኝም ይህንኑ ነው የምለው፣ ልብ የሚሰብር ቢሆንም። በዝርዝሩ ያልገባ መንግሥት በዚህ ሕግ አይከሰስም። በ2016 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ኦባማን ቬቶ ሽሮ ያወጣው ሕግ አለ። የሴፕቴምበር 11 ቤተሰቦች ሳዑዲ ዓረቢያን ለመክሰስ የተጠቀሙበት እሱ ነው። እሱም ቢሆን ጉዳቱ አሜሪካ ምድር ላይ የደረሰ መሆን አለበት። ሌላም ለኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ፤ ሽብር ባይሆንም። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሬ ላይ የስለላ ሶፍትዌር ተጭኖብኛል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሶ ነበር። በ2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አይደለም ብሎ ውድቅ አደረገው። ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የተሰለለው፤ ቢሆንም አልተሰማለትም። ያለመከሰስ ግድግዳው ይህን ያህል ወፍራም ነው።

በሩ ለእናንተ ክፍት ከሆነ ግን ነገሩ የወረቀት ነገር ነው። ለኛ ለሐበሾች ወረቀቱ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይከብዳል። ለምን ብትሉ፣ መጀመሪያ ስም ነው። የወንድሜ ስም በኤምባሲው መታወቂያ ላይ አንድ ዓይነት፣ በኬንያ የስደተኛ ወረቀቱ ላይ ሌላ ዓይነት፣ በአሜሪካ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው የተጻፈው። የልደት ቀኑም እንደዚያው። አንዱ ቦታ በኛ አቆጣጠር የተነገረው ዓመት እንዳለ ተገልብጧል፤ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት አርጅቷል። ሌላው ቦታ እንደ ብዙ ስደተኛ ጃንዋሪ 1 ተብሏል። ፈረንጁ ጸሐፊ ይህን ሲያይ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ነው የሚያስበው። መፍትሔው ሁሉም ስሞችና ቀኖች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ፣ ከሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት ጋር ነው። ይህን ሳትጠየቁ ቀድማችሁ አሠሩ።

ቀጥሎ ዝምድና ነው። የቤተሰብ አባላት ለደረሰባቸው ሐዘን የራሳቸው ካሳ አላቸው። እናታችን ግን የምትጠራው በአባቷ ስም ነው። እኛ ልጆቿ ደግሞ በአባታችን ስም። «እናትየው ለምን የቤተሰቡን ስም አልያዘችም?» ተባልን። የጋብቻ ወረቀት የለም፤ ጋብቻው በሽማግሌ ነበር፣ የነበረውም ማስረጃ በስደት ጠፍቷል። የክርስትና ካርድ ከቤተ ክርስቲያን አስመጣን። ድሮ ስደተኛ ሆነን ስንመዘገብ የቤተሰቡን አባላት በሙሉ የዘረዘረ ወረቀት ነበር። ከሁሉም በላይ የጠቀመን እሱ ነው። ስደተኛ የነበራችሁ ሰዎች፣ ያንን ወረቀት እንዳትጥሉ።

ከዚያ የሥራ ማስረጃ። በዚያች ቀን፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ በኋላ የተሰጠው የጉዳት ካሳ ደብዳቤ፣ አብረውት የነበሩ ባልደረቦች ቃል። ወንድሜ ጥሩ ልማድ አለው፤ ወረቀት አይጥልም። በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያልነበረ ነገር የለም። የናይሮቢ ሆስፒታል የመጀመሪያ ቀናት ካርድ ግን አልተገኘም። ያን ሰሞን ሆስፒታሎቹ በቁስለኛ ተጥለቅልቀው ስለነበር ብዙ ሰው ሳይመዘገብ ነው የታከመው። ስለዚህ የኋላውን ሕክምና ሁሉ አሰባሰብን። የአእምሮ ሕክምናውንም ጭምር። በኛ ባህል ሰው ይህን መናገር ያፍራል። ወንድሜም መጀመሪያ «እኔ አላበድኩም» ብሎ አኩርፎ ነበር። ጠበቃዋ ሌሊት እየባነነ መነሳቱን፣ መስታወት አጠገብ መቀመጥ አለመቻሉን ለፍርድ ቤት መናገር ጉዳትን ማስረዳት እንጂ ሌላ አይደለም ብላ በእርጋታ አስረዳችው። ተናገረ። ከዓይኑ ይልቅ ያኛው ነገር ነው የጎዳው፤ ያኔ ነው እኛም የሰማነው።

ክሱን ማድረስ ራሱ አንድ ዓለም ነው። መንግሥትን እንደ ግለሰብ በሩ ላይ ሄደህ መጥሪያ አትሰጠውም። ወረቀቱ በአገሩ ቋንቋ ተተርጉሞ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በፖስታ ይላካል። ካልሆነ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል በዲፕሎማሲ መንገድ ይሄዳል። ለኢራን ቴህራን ያለው የስዊዘርላንድ ኤምባሲ ነው የሚያደርሰው። ከደረሰ በኋላ መንግሥቱ 60 ቀን አለው። «ይህ የጸሐፊ ሥራ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። በ2000 የመን ላይ በተመታችው ዩኤስኤስ ኮል መርከብ የተጎዱ መርከበኞች ሱዳንን ከሰው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶላቸው ነበር። መጥሪያው የተላከው ዋሽንግተን ወዳለው የሱዳን ኤምባሲ ነበር። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መላክ የነበረበት ካርቱም ላለው ሚኒስትር ነው ብሎ ፍርዱን አነሳው። ለዓመታት የተለፋበት ነገር በአድራሻ ወደቀ። ጠበቃ ስትመርጡ «መጥሪያ የምታደርሱት እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያወቀበት ጠበቃ ወዲያው ይመልስላችኋል።

ኢራን ጭራሽ አልቀረበችም። ሱዳን መጀመሪያ ጠበቃ ቆማ ተከራክራ ኋላ ጠፋች። ተከሳሽ ቀረ ተብሎ ግን ዝም ብሎ አይፈረድም። ሕጉ ዳኛውን የሚያረካ ማስረጃ ይቅረብ ይላል። በኦክቶበር 2010 ዋሽንግተን ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ጆን ቤትስ ለቀናት ምስክር ሰሙ። ስለ ሱዳን፣ ስለ አልቃይዳ፣ ስለ ሂዝቦላ ባለሙያዎች ቀርበው አስረዱ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የተከሳሹ ጠረጴዛ ባዶ ነው። ወንድሜ ያን ባዶ ወንበር ሲያይ ነው የዋለው። በኖቬምበር 2011 ዳኛው ሱዳንም ኢራንም ተጠያቂ ናቸው ብለው ወሰኑ። ለኔ ከገንዘቡ ሁሉ በላይ የነበረው ያ ውሳኔ ነው። የሆነው ነገር በፍርድ ቤት ቋንቋ፣ በማስረጃ ተጽፎ ተቀመጠ። ማንም «ወሬ ነው» ሊለው አይችልም።

ካሳው የተሰላው በሰው በሰው ነው። ለዳኛው የሚሠሩ ልዩ ባለሙያዎች የእያንዳንዱን ፋይል አይተው ሪፖርት ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቶቹ የለመዱት መነሻ አላቸው። ለሞተ ሰው ባለቤት 8 ሚሊዮን፣ ለወላጅ 5 ሚሊዮን፣ ለወንድም ወይም እህት 2 ሚሊዮን ተኩል ዶላር። ለቆሰለ ሰው 5 ሚሊዮን መነሻ ሆኖ እንደ ጉዳቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በ2014 በተለያዩ መዝገቦች የተፈረደው ሲደመር ከ10 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ ወደ 4.3 ቢሊዮኑ የቅጣት ካሳ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ፍርዱ እንደተሰማ እናታችን ስለት አስገባች። ዘመድ ከአገር ቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለ ደወለ። ግን ፍርድ ሌላ፣ ገንዘብ ሌላ ነው። ያኔ ሱዳን ብቅ ብላ ይግባኝ አለች። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ዋናውን ፍርድ አጽንቶ የቅጣት ካሳውን ሰረዘ፤ የ2008ቱ ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም በሚል። ሜይ 18 ቀን 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስምንት ለዜሮ ያንን ሻረው። ደስ አለን። የመጣው ገንዘብ ግን ከዚያ አይደለም የመጣው።

የመጣው ከፖለቲካ ነው። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት አልበሽር በኤፕሪል 2019 ከሥልጣን ወደቁ። በአብደላ ሃምዶክ የሚመራው የሽግግር መንግሥት ከሽብር ዝርዝሩ መውጣት ፈለገ፤ ካልወጣ ብድርም እርዳታም አያገኝም። በድርድር 335 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሱዳን በዲሴምበር 14፣ 2020 ከዝርዝሩ ወጣች፤ በዚያው ወር ኮንግረስ ያለመከሰስ መብቷን መለሰላት፤ የሴፕቴምበር 11 ክሶች ግን እንዳይነኩ ተደረገ። ገንዘቡ መድረሱ በማርች 2021 ተነገረ። ከ10 ቢሊዮን ወደ 335 ሚሊዮን። እሱም የኤምባሲዎቹን ብቻ አይደለም፣ የኮል መርከብንም ጉዳይ ይጨምራል። ደግሞ የከፈለው ማነው ብላችሁ አስቡ። ዳቦ የቸገረው የሱዳን ሕዝብ ነው፤ አልበሽርን በደሙ ያወረደው ሕዝብ። ወንድሜ ይህን አንስቶ ብዙ ጊዜ ያዝናል። ካሳው ግን መብቱ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው።

አከፋፈሉ ላይ ደግሞ ትልቅ ጠብ ነበር። ለሞተ አሜሪካዊ ቤተሰብ 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሞተ ኬንያዊ ወይም ታንዛኒያዊ ሠራተኛ ቤተሰብ 800 ሺህ ዶላር ተባለ። አንድ ቢሮ፣ አንድ ፎቅ፣ አንድ ቀን። እንደ ወንድሜ በኋላ አሜሪካ መጥተው ዜግነት የወሰዱት ደግሞ «ዛሬ ዜጋ ነን፣ ለምን እንደ ውጭ ሰው እንቆጠራለን?» አሉ። ለእንደራሴዎቻቸው ጻፉ፣ ኮንግረስ ሄደው ተናገሩ። ወንድሜም አብሯቸው ሄዷል። ኮንግረስ ለእነሱ ልዩነቱን የሚያጠብ 150 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ውስጥ ካላችሁ ሁሉን ነገር ለጠበቃ ትታችሁ አትቀመጡ። እንደራሴያችሁን እወቁ፣ ቢሮው ሄዳችሁ ታሪካችሁን ንገሩ። የኛን ነገር ያስተካከለው ሕግ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ሌላው መንገድ ፈንዱ ነው። ኮንግረስ በ2015 መጨረሻ መንግሥታት በደገፉት ሽብር ለተጎዱ ሰዎች አንድ ፈንድ አቋቋመ። ገንዘቡ የሚመጣው ማዕቀብ ከጣሱ ድርጅቶች ቅጣት ነው። ለምሳሌ ቢኤንፒ ፓሪባ የተባለው የፈረንሳይ ባንክ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ ገንዘብ በማዘዋወሩ በ2014 ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ፈንዱ በእጅህ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የመጨረሻ ፍርድ እንዲኖር ይፈልጋል። ፍርዱ በተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት ግድ ነው። ይህን ቀን ቀይ አስምሩበት። አንድ ሰው እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ያለው ፍርድ ነው የሚቆጠርለት። ሙሉውን አይከፍልም፤ ያለውን ገንዘብ በየጊዜው በድርሻ ያካፍላል። ከዚህ ፈንድ በሚከፈል ገንዘብ ላይ ጠበቃ ከ25 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ልበል። የ335 ሚሊዮኑ ወሬ እንደተሰማ ናይሮቢም እዚህም «ላስመዝግባችሁ፣ የመመዝገቢያ ክፈሉ» የሚሉ ሰዎች በዙ። ከወንድሜ ጓደኞች አንዷ ከፍላለች። እንዲህ ዓይነት ክስ የሚይዝ ጠበቃ በአብዛኛው ገንዘብ የሚያገኘው እናንተ ስታገኙ ነው፤ ቀድሞ አይቀበልም። ውሉን ወስዳችሁ ቤት አንብቡት። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የሚረዳችሁ ሰው ፈልጉ። በተለይ «ወጪ» የሚለውን አንቀጽ እዩ፤ የትርጉም፣ የባለሙያ፣ የጉዞ ወጪ ከድርሻችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚቀነሰው? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

መጨረሻ ላይ የውርስ ነገር። ከ1998 እስከ 2021 ሲቆጠር ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። በዚህ መሃል ስንቱ ከሳሽ ሞተ። ከሳሽ ሲሞት መብቱ አይጠፋም፤ ግን ወራሹ በፍርድ ቤት ካልተረጋገጠ ገንዘቡ ቆሞ ይቀራል። ወራሾቹ ናይሮቢ፣ አዲስ አበባና ሚኒሶታ ተበትነው በውክልና የሚጨቃጨቁ ቤተሰቦች አውቃለሁ። አድራሻ ስትቀይሩ ለጠበቃውም ለፈንዱም አሳውቁ። የፋይል ቁጥሩን፣ የፈንዱን የይለፍ ቃል፣ የጠበቃውን ስልክ ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው ይወቀው። ኑዛዜ ጻፉ፤ ስማችሁ በየወረቀቱ የተጻፈበትን መንገድ ሁሉ እዚያው ላይ ዘርዝሩ። የኢራን ድርሻ በፈንዱ በኩል ገና እየጠበቀ ስለሆነ ወንድሜ የራሱን ጨርሶ ዋናውን ለሚስቱ፣ ቅጂውን ለኔ ሰጥቷል።